እናታቸውን ያጡ የዛፍ ሽኮኮ ግልገሎችን በቤት አሳድጎ ወደ ዱር ስለ መመለስ

ለጉቶ ጊዳና ለቀሩት የወለጋ ወረዳዎች ሹማምንት፣ አስተዳዳሪዎችና ባለ ይዞታዎች የተዘጋጀ ማስታወሻ

የክረምቱ ዝናም አባርቶ ምድር ከጠነከረች በኋላ በነቀምቴ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የመጥረቢያ ድምፅ የማይሰማበት ቀን ጥቂት ነው። አንዱ እርሻውን ለማስፋት፣ አንዱ ለቤቱ ወጋግራ፣ ሌላው ለከሰል ብሎ ያረጀውን ዋንዛ ወይም ብሳና ይጥላል። ዛፉም በወደቀ ጊዜ አንዳንድ ቀን ከግንዱ ሽንቁር ውስጥ ጠጕር ያላበቀሉ፣ ዓይናቸውን ያልገለጡ የሽኮኮ ግልገሎች ተበትነው ይገኛሉ። እናቲቱ ወደ ሌላ ዛፍ ዘልላ አምልጣለች። እረኞች ግልገሎቹን በነጠላቸው ጠቅልለው ወደ ቤት ይወስዷቸዋል፤ ወይም የሚያውቅ ሰው አይጠፋም ብለው ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ያመጧቸዋል። ሹሙም አዝኖ አንድ ኩባያ የላም ወተት ያስመጣላቸዋል፤ በማግስቱ ግን ሞተው ይገኛሉ።

ነገሩ ለመንግሥት ሥራ እጅግ ትንሽ ይመስላል። ዳሩ ግን ዛፉ እንዲቈረጥ የሚፈቅደውም የሚከለክለውም ይኸው ሹም ስለ ሆነ፣ ከዛፉ የወደቀው ሕይወት ወደ እጁ መምጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ግልገሎቹ በመጀመሪያ ለእናታቸው እንዴት እንደሚመለሱ፣ ይህ ባይሆን በቤት እንዴት እንደሚያድጉ፣ በመጨረሻም ወደ ዱር እንዴት እንደሚለቀቁ ከዚህ በታች በየተራው ተጽፏል።

1ኛ፤ ስለ ስሙና ስለ ዓይነቱ

ሽኮኮ የሚለው ስም ባገራችን ለሦስት ልዩ ልዩ እንስሳ ሲነገር ይሰማል። የመጀመሪያዪቱ በቋጥኝ ንቃቃት የምትኖረው፣ ጅራት የሌላት፣ በመጽሐፈ ምሳሌ ቤቷን በዓለት ውስጥ ታደርጋለች ተብላ የተጠቀሰችው ናት። ይህች በፍጥረቷ ከአይጥ ወገን አይደለችም፤ ሊቃውንት የቅርብ ዘመዷ ዝሆን እንደ ሆነ ይናገራሉ። ግልገሏም ጠጕር ለብሶ፣ ዓይኑን ገልጦ ይወለዳልና ይህ ማስታወሻ እርሷን አይመለከትም።

ሁለተኛዪቱ በምድር ጉድጓድ ቈፍራ የምትኖረው፣ በጎኗ ነጭ መሥመር ያለባት የምድር ሽኮኮ ናት። ወደ ኡኬና ወደ አንገር ሸለቆ፣ ወይም ወደ ዴዴሳ ሲወርዱ ባለው ቆላ ገበሬው የሚከሳት፣ የተዘራውን በቆሎ ከትልሙ እየቈፈረች ትበላለች ብሎ ነው።

ሦስተኛዪቱ የዛፍ ሽኮኮ ናት፤ ነገራችንም ስለዚህች ነው። ሰውነቷ አንድ ስንዝር ያህል ሲሆን ጅራቷ ከሰውነቷ አያንስም፤ ቀለበት ቀለበት የመሰለ ምልክትም አለበት። በቀን ትሠራለች፣ በሌሊት ትተኛለች። ጠዋት በቅርንጫፍ ላይ ተዘርግታ ፀሐይ የመሞቅ ልማድ ስላላት ሊቃውንት ሄልዮስኪዩሩስ ብለው ሰየሟት፤ በግሪክ ቋንቋ ሄልዮስ ማለት ፀሐይ ነውና። ካገራችን የተገኘችውን አንዲቱን ዓይነት በሳይንስ ስም ጠርቶ የጻፈላት፣ ከ1831 ጀምሮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኢትዮጵያ የተዘዋወረው የፍራንክፈርት ሰው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ምግቧ ፍሬ፣ ዘር፣ እንቡጥና ተባይ ነው፤ ቤቷም ያረጀ ዛፍ ሽንቁር ነው።

2ኛ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግልገሉን ለእናቱ ስለ መመለስ

ግልገልን በማሳደግ ከእናቱ የሚበልጥ ሰው የለም። የሰው እጅ የነካውን ግልገል እናቱ ትጠየፈዋለች የሚባለው ነገር እውነት አይደለም። እናቲቱ ጸጥታ ካገኘች ተመልሳ መጥታ ግልገሎቿን አንድ በአንድ በአፏ ይዛ ወደ ሌላ ጎጆ ታዛውራለች።

ስለዚህ ዛፉ እንደ ወደቀ ሥራው ይቁም። ግልገሎቹ ቍስል የሌለባቸው እንደ ሆነ በትንሽ ቅርጫት ጨርቅ አንጥፎ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሙቅ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ባጠገባቸው አድርጎ፣ ቅርጫቱን በአቅራቢያ ከቆመው ዛፍ ግንድ ጋር ከሰው ቁመት ከፍ አድርጎ ማሰር ይገባል። ከመሬት ላይ ማስቀመጥ ግን አይገባም፤ በወለጋ ጫካ ጉንዳን የሚወርድበት ጊዜ አይታወቅምና። ከዚህ በኋላ ሰው፣ ውሻና ድመት ሁሉ ከስፍራው ይራቅ፤ አንድ አስተዋይ ሰው ብቻ ከሩቅ ሆኖ ይጠብቅ። ጠርሙሱም ሲቀዘቅዝ ውሃው ይለወጥ።

የዛፍ ሽኮኮ በሌሊት ስለማትወጣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ካልመጣች ግልገሎቹን ወደ ቤት ማስገባት ያስፈልጋል። ያልቈሰሉና ብርታት ያላቸው ከሆኑ በማግስቱ ጠዋት አንድ ጊዜ ደግሞ መሞከር መልካም ነው። እናቲቱ በዛፉ ተመትታ ሞታ ከተገኘች፣ ወይም ግልገሉ ከቈሰለ፣ ወይም ድመት ከነከሰችው መጠበቅ አያስፈልግም። የድመት ጥርስ ቍስሉ ትንሽ ቢመስልም ይመረቅዛልና ወደ እንስሳት ሐኪም ፈጥኖ መውሰድ ይገባል። በነቀምቴ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ስለሚሰጥ በዚያ ምክር መጠየቅ ይቻላል።

3ኛ፤ ሙቀት ከምግብ እንደሚቀድም

የብዙዎች ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ግልገሉ ሲጮኽ የራበው ይመስላቸውና ወተት ያፈሱለታል። የቀዘቀዘ ግልገል ሆዱ አይሠራም፤ የጠጣው ወተት ሳይፈጭ በሆዱ ይቀመጥና ይገድለዋል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፤ ሰውነቱ ለብ ሳይል ምንም አይቅመስ።

እኔ ራሴ ይህን የተማርሁት በጥፋት ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል በምቈጥርበት ዘመን ከመምህራችን ቤት አጠገብ የነበረ ዋርካ ቅርንጫፉ በነፋስ ተገንጥሎ ሁለት ግልገሎች ወደቁ። አንደኛው እንደ ጠጠር ቀዝቅዞ ነበር። እኔም የምራራለት መስሎኝ ያን ጊዜውኑ ትኩስ የላም ወተት በጥጥ አጠባሁት፤ ሳይነጋ ሞተ። ሁለተኛውን አንድ ባልንጀራዬ በብብቱ አቅፎት ስላደረ ከሞት ዳነ። እርሱ ያደረገው ዐውቆ ሳይሆን ለመጫወት ነበር፤ ነገር ግን ትክክለኛው እርሱ ነበረ።

አደራረጉም እንዲህ ነው። ክዳን ያለው ትንሽ ሣጥን ወይም ካርቶን ተወስዶ አየር መግቢያ ይበሳለታል። ክር የማይመዘዝ ለስላሳ ጨርቅ ይነጠፍበታል፤ ክር የሚመዘዝ ጨርቅ በጥፍራቸውና በእግራቸው ላይ ይጠመጠማልና። ሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ በሣጥኑ በአንድ ወገን ብቻ ይደረጋል፤ ሙቀቱ የበዛበት ግልገል ወደ ሌላው ወገን ፈቀቅ እንዲል ነው። ሣጥኑን በምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ግን ጢሱም ቃጠሎውም ስላለ አይገባም። ስፍራው ጨለም ያለና ጸጥ ያለ ይሁን።

4ኛ፤ ስለ ውሃና ስለ ወተት

ግልገሉ ከሞቀ በኋላ መጀመሪያ የሚሰጠው ወተት ሳይሆን ውሃ ነው። በጀርባው ላይ ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ቀስ አድርጎ ቢቈነጥጡት ፈጥኖ ካልተመለሰ ውሃ እንደ ጠማው ምልክት ነው። በአንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ማሟሟት ነው፤ ማንኪያው ልክ እስከ አፉ እንጂ የተቈለለ አይሁን። ይህም ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን በቤት የሚዘጋጀው ያው ነው። ለብ ባለ ጊዜ ሁለት ሦስት ጊዜ በየሁለት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ይሰጠው።

ከዚህ በኋላ ወተት ይጀመራል። የእናቲቱ ወተት ቅባቱም ሥጋ ገንቢውም ከላም ወተት እጅግ የበለጠ ስለ ሆነ፣ የላም ወተት የሚጠባ ግልገል በአንድ ወገን ይራባል፣ በሌላ ወገን ሆዱ ይነፋና ተቅማጥ ይይዘዋል። ልምድ ያላቸው አሳዳጊዎች የሚመርጡት ለውሻ ቡችላ የተዘጋጀውን የዱቄት ወተት ነው። ይህ ባይገኝ ቅባቱ ያልተገፈፈ የፍየል ወተት አፍልቶ ለብ እስኪል አቀዝቅዞ፣ ጥቂት ንጹሕ እርጎ ጨምሮ መስጠት ከላም ወተት ይሻላል። ሆዱ እንዳይደነግጥ በመጀመሪያ አንድ እጅ ወተት በሦስት እጅ የስኳርና የጨው ውሃ፣ ቀጥሎ እኩል ለእኩል፣ ከዚያም ሦስት እጅ ወተት በአንድ እጅ ውሃ እያደረጉ በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ሙሉው ወተት ማድረስ ነው።

መጠኑን በግምት ማድረግ አደጋ አለው። በየጊዜው የሚሰጠው ከግልገሉ ክብደት ከመቶ አምስት እጅ ያህል ነው፤ ይኸውም 20 ግራም ለሚመዝን 1 ሚሊ ሊትር፣ 100 ግራም ለሚመዝን 5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ለመመዘን የወርቅ አንጥረኛ ሚዛን ይበቃል። ጠጕር ያልበቀለበት በቀን በየሁለት ሰዓቱ፣ በሌሊት በየሦስት ሰዓቱ ይጠጣል። ጠጕር አብቅሎ ዓይኑን ያልገለጠው በየሦስት ወይም በየአራት ሰዓቱ፣ ዓይኑን የገለጠው በቀን አራት ጊዜ ይበቃዋል።

የሚጠባበት ዕቃ መርፌ የሌለው ትንሽ ሲሪንጅ ነው። ግልገሉ እንደ ሰው ሕፃን በጀርባው አይንጋለል፤ በሆዱ ተደግፎ ራሱን ቀና አድርጎ ይያዝ። ወተቱ ጠብታ በጠብታ ይሰጠው። በአፍንጫው አረፋ ከወጣ ወዲያው አቁሞ፣ ራሱን ወደ ታች ዘንበል አድርጎ፣ አፍንጫውን በጥጥ መጥረግ ያስፈልጋል፤ ወደ ሳንባው የገባ ወተት የሳንባ ሕመም ያመጣልና። ሆዱ ከተነፋ ወይም ተቅማጥ ከያዘው ወተቱን ለአንድ ወይም ለሁለት ጊዜ ትቶ የስኳርና የጨው ውሃ ብቻ መስጠት ነው።

5ኛ፤ ስለ ንጽሕናና ስለ አሳዳጊው ጤና

ዓይኑን ያልገለጠ ግልገል በራሱ ሽንቱንና ዓይነ ምድሩን ሊያወጣ አይችልም። በዱር እናቱ እየላሰች ታስወጣዋለች። ስለዚህ ከያንዳንዱ ማጥባት በኋላ ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጥጥ ከሆዱ በታች ያለውን ስፍራ ቀስ አድርጎ ማበስ ግዴታ ነው። ይህን ያልሰሙ ብዙ አሳዳጊዎች ወተቱን በደንብ ሰጥተው ሳለ ግልገሉ ሽንቱ ተይዞበት ሞቶባቸዋል።

ሲሪንጁ ሁልጊዜ በፈላ ውሃ ይታጠብ፤ ጨርቁም በየቀኑ ይለወጥ። አሳዳጊው አስቀድሞም በኋላም እጁን በሳሙና ይታጠብ። ቍንጫና መዥገር ሊኖርበት ስለሚችል ከሕፃናት መኝታና ከቤት ከብት ይራቅ። የእብድ ውሻ በሽታ ባገራችን ስላለ ማናቸውም የዱር እንስሳ ሰውን ቢነክስ ቍስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል፤ ትንሽ ግልገል ነው ብሎ ማቃለል አያስፈልግም።

6ኛ፤ ወተት ስለ ማስተውና ስለ ምግቡ

ብዙ በተመረመሩት በአሜሪካ ግራጫ ሽኮኮዎች ዓይን የሚገለጠው ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ለመለቀቅ የሚበቁትም በ12ኛው ወይም በ14ኛው ሳምንት ገደማ ነው። በኛ አገር ያለው አሳዳጊ ግን ሳምንት ከመቍጠር ይልቅ የግልገሉን አካል ይመልከት። ዓይኑን ገልጦ፣ ጥርስ አውጥቶ፣ በኋላ እግሩ ተቀምጦ በፊት እጁ ዕቃ መያዝ ሲጀምር ምግብ ይቅረብለት። በዱር የሚያገኘውን ማቅረብ ከሁሉ ይሻላል፤ ይኸውም የሾላና የዋርካ ፍሬ፣ የዶቅማ ፍሬ፣ የዋንዛ ፍሬ፣ ለጋ ቅጠልና እንቡጥ፣ ልጡ ያልተላጠ ቅርንጫፍ ነው።

በወለጋ በቆሎ በየቤቱ ስላለ ሰው ሁሉ የሚሰጠው በቆሎ ነው። ግልገሉም ይወደዋል። ነገር ግን በቆሎና ለውዝ ብቻ የበላ ግልገል አጥንቱን የሚያጸናውን ካልሲየም ስለማያገኝ የኋላ እግሩ ይልፈሰፈሳል፣ ዘልሎም ሲወድቅ አጥንቱ ይሰበራል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሥጋው ተፍቆ የተቀቀለና የደረቀ አጥንት እንዲቈረጥም በሣጥኑ ውስጥ መተው፣ ቅጠል አለማጕደል፣ በየቀኑም ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እንዲሞቅ ማድረግ ነው። ፀሐዩን በመስተዋት መስኮት ውስጥ ሳይሆን በቀጥታ ያግኝ።

7ኛ፤ ወደ ዱር ስለ መልቀቅ

የዱር እንስሳ በቤት መመገብ ለወለጋ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ጥርኝን በወጥመድ ይዞ፣ በጠባብ የእንጨት ቤት አስቀምጦ፣ ዝባዱን በቀንድ አከማችቶ መሸጥ የቆየ ሙያ ነው፤ ዝባዱም እስከ ፈረንሳይ ሽቶ ቀማሚዎች ይደርስ ነበር። ነገር ግን ይህ ሙያ ይዞ ማቆየትን እንጂ መመለስን አያስተምርም። ሽኮኮን ያሳደገ ሰው ሥራው የሚመዘነው ግልገሉ ምን ያህል እንደ ወደደው አይደለም፤ ከተለቀቀ በኋላ ሰውን ሲያይ ይሸሽ እንደ ሆነ ነው።

ከሞት የተረፈው ያ የልጅነቴ ሽኮኮ በትከሻችን ላይ እየተቀመጠ፣ ከምሳችን እየተካፈለ አደገ። ሁላችንም እንወደው ነበር። ክረምት ሲገባ መምህሩ ከቤት ይውጣ ብለው አዘዙንና ወደ ጫካ አፍ ወስደን ተውነው። በሦስተኛው ቀን በመንገድ ያለፈውን መንገደኛ የሚያውቀው ሰው መስሎት ተከተለው፤ የመንገደኛውም ውሻ ያዘው። ለብዙ ዘመን የገደለው ውሻው ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን ሰውን እንዳይፈራ ያስተማርነው እኛ እንደ ገደልነው ዐውቃለሁ።

ስለዚህ ግልገሉ ብቻውን አይደግ፤ ወንድምና እኅት ካለው አብረው ይደጉ። አጥቢው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ወተት ከተወ በኋላ በእጅ መዳሰስና ማጫወት ይቅር። ውሻና ድመትም እንዳይለምድ ይጠበቅ። ከቤት ከወጣ በኋላ ባንድ ጊዜ ሳይለቀቅ፣ በዛፍ ሥር ወይም በዛፍ ላይ በተሠራ፣ ሽቦ በተጋረደበት ሰፊ ቆጥ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይቆይ። በውስጡ ቅርንጫፍና መሸሸጊያ ሣጥን ይደረግለት። እዚያም ብርዱን፣ ነፋሱን፣ የአሞራውን ድምፅ ይለምዳል፤ መዝለልና መውጣትም ይማራል።

የሚለቀቅበት ቀን ዝናም የሌለበት፣ ሰዓቱም ጠዋት ይሁን። በሐምሌና በነሐሴ መልቀቅ አይገባም። ስፍራው ከተገኘበት የራቀ ባይሆን መልካም ነው፤ ያረጁ፣ ሽንቁርና ፍሬ ያላቸው ዛፎች ያሉበት፣ ከበቆሎ ማሳና ከመኪና መንገድ ፈንጠር ያለ ይሁን። ለምሳሌ በነቀምቴ አጠገብ እንዳለው እንደ ኮምቶ ደን ያለ ስፍራ ለዚህ የተመቸ ነው። የቆጡ በር ተከፍቶ ይተው፤ ምግብም እየቀነሰ ሁለት ሳምንት ያህል በዚያው ይቀመጥለት። ሊመለስ ቢፈልግ መጠጊያ ያገኛል፤ ካልፈለገም በራሱ ጊዜ ይቀራል።

በትልልቆቹ አራዊት ይህን መንገድ የሚከተል ድርጅት ባገራችን አለ። ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በሆለታ አቅራቢያ ያለው እንስሳ ኮቴ የተባለው ማዕከል እናት ያጡና ከሕገ ወጥ ያዦች የተወሰዱ የዱር እንስሳትን ይቀበላል፤ ለዱር የሚበቃው እንዲመለስ፣ ሊመለስ የማይችለው ግን በዚያው እንዲጦር ያደርጋል። ከልጅነቱ ከሰው ጋር የኖረ አንበሳ ወደ ዱር መመለስ አይችልምና ዕድሜውን በአጥር ውስጥ ይፈጽማል። በሽኮኮም የሚሆነው ይኸው ነው፤ መጠኑ ግን ያነሰ ነው።

8ኛ፤ ስለ ሕጉና ስለ ሹሙ ተግባር

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 541 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ስለዚህ ግልገል ያገኘ ሰው ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ያስታውቅ፤ ሹሙም መቼና ከየት እንደ ተገኘ፣ ማን እንደሚያሳድገው፣ መቼ እንደ ተለቀቀ በመዝገብ ያስጽፍ። በገበያ ሲሸጥ ወይም ለልጆች መጫወቻ ሆኖ በገመድ ታስሮ ከተገኘ ይከልክል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሥራው ያለው በወተቱ ዘንድ ሳይሆን በመጥረቢያው ዘንድ ነው። ከላይ እንደ ተጻፈው አንድ ግልገል ለማዳን ብዙ ሌሊት ማንቃት፣ ብዙ ሣምንት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ አሳዳጊው ቢተጋም ሁሉ አይድኑም። ዛፍ የሚጥል ሰው ግን አስቀድሞ ግንዱን በመጥረቢያው ጀርባ አንኳኵቶ፣ ሽንቁሩን አይቶ፣ ከውስጡ እንስሳ የምትወጣና የምትገባ ብትሆን ሥራውን ጥቂት ሳምንት ቢያዘገይ ግልገሎቹ ያለ ማንም ድካም ያድጋሉ። ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ እጅግ ቢጠቅምም ወጣት ሳለ ስለሚቈረጥ ሽንቁር አያወጣም። ስለዚህ የአገር ዛፎች ተመንጥረው በእርሱ ብቻ በተተኩበት ቀበሌ ሽኮኮን አሳድጎ መልቀቅ ቤት የሌለውን ሰው ሂድ ወደ ቤትህ እንደ ማለት ነው።

እንግዲህ የመቍረጥ ፈቃድ የሚሰጥ ሁሉ በፈቃዱ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ይጨምር። አንደኛው፣ ዛፉ ከመውደቁ በፊት ሽንቁሩ ይታይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በየይዞታው ውስጥ ሽንቁር ካላቸው ካረጁት ዛፎች ጥቂቶች ሳይቈረጡ ይቅሩ የሚል ነው። ዋንዛውም ሾላውም ለገበሬው ጥላና ፍሬ፣ ዋንዛውም ደግሞ ለንቡ አበባ ስለሚሰጥ በዚህ የሚጐዳ ባለ ይዞታ አይኖርም።

ይህ ማስታወሻ በየቀበሌው ስብሰባ፣ የአማርኛ ንባብ ለማይከተሉትም በኦሮምኛ እየተተረጐመ፣ ይልቁንም ከመቍረጫው ወራት በፊት እንዲነበብላቸው የወረዳ ሹማምንት ትለመናላችሁ።